ባቤል፦ አንድ ጠመንጃ፣ አራት ታሪክ፣ እና የአክስቴ ጥያቄዎች

አክስቴ ፊልም ስታይ ዝም አትልም። ይሄ ማን ነው፣ ያቺስ ምን ሆነች፣ ቅድም የሞተው አይደለም እንዴ እያለች ነው የምትጨርሰው። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ፣ በአራት አገር የሚዞር፣ አምስት ስድስት ቋንቋ የሚነገርበት፣ ሰዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁበት የ143 ደቂቃ ፊልም የከፈትኩላት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፊልሙ «ባቤል» ነው። በ2006 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው)። ዳይሬክተሩ ሜክሲኳዊው አሌሃንድሮ ጎንዛሌዝ ኢኛሪቱ ነው፤ ብራድ ፒትና ኬት ብላንሼት አሉበት። በዚያው ዓመት ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወስዷል። ለሰባት ኦስካር ታጭቶም አንዱን አግኝቷል፤ ለሙዚቃው። እኔ ተማሪ እያለሁ ከጓደኛ በተዋስኩት ፍላሽ ብቻዬን አይቼው፣ አፌን ከፍቼ ነበር የቀረሁት። አሁን ደግሜ ያየሁት ያኔ የገረመኝ ነገር ዛሬም ይሠራል ወይ ብዬ ነው።

ብዙ ሰው፣ ብዙ ታሪክ፣ በአንድ ፊልም። ከፊልም ሁሉ አብልጬ የምወደው ይሄን ዓይነቱን ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝም እሱው ነው። ሲሳካ አንድ ሰው ብቻ እየተከተለ የሚሄድ ፊልም የማይሰጥህን ነገር ይሰጥሃል። ሲከሽፍ ደግሞ ያላለቁ አምስት ፊልሞችን በአንድ ትኬት የሸጡልህ ነው የሚመስልህ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞሮኮ ተራራ ላይ አንድ ፍየል አርቢ ቀበሮ የሚያባርርበት ጠመንጃ ከሌላ ሰው ይገዛል። ዋጋው 500 ድርሃም እና አንድ ፍየል። ሁለት ወንዶች ልጆቹ ጥይቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ሊሞክሩ ብለው ታች በመንገዱ ወደሚያልፍ አውቶቡስ ይተኩሳሉ። ውስጥ ያለች አሜሪካዊት ቱሪስት ትመታለች። ባልና ሚስቱ በዚህ ምክንያት ሲቀሩ፣ ሳን ዲዬጎ ልጆቻቸውን የምትጠብቅላቸው ሜክሲኳዊት ሞግዚት የገዛ ልጇ ሠርግ ሊያመልጣት ይሆናል፤ ስለዚህ ልጆቹን ይዛ ድንበር ትሻገራለች። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ መስማት የተሳናት፣ እናቷ የሞተችባት አንዲት ወጣት ልጅ አለች። እሷን ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኛት ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መቆየት ያስፈልጋል።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ይህን ጥያቄ ስድስት ጊዜ ሰማሁት። «ዝም ብለሽ እዪ» እያልኩ አለፍኩት። ከዚያ በድንገት መጠየቅ አቆመች፤ እኔም ፊልሙን ትቼ እሷን ማየት ጀመርኩ። ምን ገብቷት ነው? ስማቸውን አይደለም፤ የአንዳቸውንም ስም እስከ መጨረሻው አልያዘችም። የያዘችው የሚፈልጉትን ነው። ሞግዚቷ ሠርግ መሄድ ትፈልጋለች። ባልየው ሐኪም ይፈልጋል። ልጆቹ መደበቅ ይፈልጋሉ። የጃፓኗ ልጅ የሚያቅፋት ሰው ትፈልጋለች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር፣ ያውም ሕፃን የሚገባው ነገር። ብዙ ታሪክ ያለበት ፊልም የሰዎቹን ታሪክ ከስር መሠረቱ የሚተርክበት ጊዜ የለውም፤ ያለው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚለው ካልገባህ ከዚያ በኋላ ሲመለሱበት እንደ አዲስ ሰው ነው የምታየው።

ካሜራውም ያግዛል። የፊልሙ ካሜራ ኃላፊ ሮድሪጎ ፕሪዬቶ ሞሮኮን በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ሜክሲኮን በ35፣ ቶኪዮን ደግሞ ሰፋ ያለ ምስል በሚሰጥ አናሞርፊክ ሌንስ ነው ያነሳው። ስለዚህ ሞሮኮ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ሻካራ ነው፤ ቶኪዮ እንደ መስታወት። አክስቴ ሚሊሜትር ምናምን አታውቅም። ግን ፊልሙ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲዘል የት እንዳለች ወዲያው ታውቃለች። «ትራፊክ» የሚባለውም የ2000 ፊልም በቀለም ነው እንዲህ ያደረገው፤ ሜክሲኮ ቢጫ፣ የአሜሪካው ባለሥልጣን ታሪክ ሰማያዊ። ደግሞ የሁለቱም ፊልሞች ኤዲተር ስቲቨን ሚሪዮኔ ነው (ባቤልን ከሌላ ባልደረባው ጋር)፤ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል።

መዝለሉ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ። ሁለቱ የሞሮኮ ልጆች ተኩሰው አውቶቡሱ ሲቆም ደንግጠው ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ቀጥሎ የምናየው ሳን ዲዬጎ ቤት ውስጥ ድብብቆሽ እየተጫወቱ የሚሮጡ ልጆችን ነው። ማንም ምንም አላለም። እነዚያም ልጆች ናቸው፣ እነዚህም ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጨዋታ ግን ሰው መትቷል። ይህን በንግግር ለማስረዳት ቢሞክር ያስጠላ ነበር።

አሁን ስለ ዓረብኛው። አክስቴ ቤይሩት ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፤ ዓረብኛዋ ውሃ ነው። ሞሮኮዎቹ መናገር ሲጀምሩ ጋቢዋን አስተካክላ፣ ዛሬ እንኳን እኔ ነኝ የማስተረጉምልህ በሚል ፊት ተመቻቸች። ትንሽ ቆይታ ግንባሯ ተቋጠረ። «ይሄ ምን ዓይነት ዓረብኛ ነው?» የሊባኖሱን የለመደ ጆሮ በሞሮኮው ይቸገራል፤ እዚያ ላይ የበርበር ቋንቋም ይገባበታል። እና እኔ ሳቄ መጣ፤ የፊልሙ ርዕስ እኮ እኛ የባቢሎን ግንብ የምንለው፣ ዘፍጥረት 11 ላይ ያለው፣ ቋንቋቸው የተደባለቀባቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ሊያሳይ ሦስት አህጉር ዞሯል፤ አክስቴ ሶፋ ላይ ሆና ጨረሰችው።

ሞግዚቷ አሚሊያ ትባላለች፤ ተዋናይዋ አድሪያና ባራዛ። ለልጇ ሠርግ ፈቃድ የምትጠይቀው በስልክ ነው። የአሠሪዋ መልስ ሲጠቃለል፣ አይሆንም ነው። ልጆቹን የሚይዝ ሰው አልተገኘም። እዚህ ላይ አክስቴ ጭራሽ ዝም አለች። ቆይታ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «እኔ የወንድሜን ሠርግ በስልክ ነው የሰማሁት» አለች። «እልልታውን። ከዚያ ካርዱ አለቀ።»

ፊልሙ ወደ ሞሮኮ ተመለሰ። ሴትዮዋ እዚያ መንደር ውስጥ መሬት ላይ ተኝታ ትደማለች፤ ቁስሏን የሚሰፋላት የእንስሳት ሐኪም ነው። ኬት ብላንሼት ያለ የሌለ ችሎታዋን አውጥታ እያቃሰተች ነው። አክስቴ ግን «ለካ ጥይቱ ሠርጉንም ነው የመታው» አለች።

እኔ ሙሉ ግምገማ ልጽፍ አስቤ የነበረውን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችልኝ። ታሪኮቹ በዝምድና ወይም በአጋጣሚ መገናኘታቸው ቁም ነገር አይደለም። ቁም ነገሩ አሁን የማታየው ታሪክ በምታየው ውስጥ እየሠራ ነው ወይ የሚለው ነው። አክስቴ የቆሰለችውን እያየች ስለ ሞግዚቷ ታስባለች። ድልድዩን የሠራችው እሷ ናት፤ ፊልሙ ሁለቱን ዳርቻ ብቻ ነው የሰጣት።

የዚህን ተቃራኒ ማየት ለሚፈልግ «ክራሽ» አለለት። 2006 ላይ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር የወሰደው እሱ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ አንድ ቀን ተኩል፣ ዘረኝነት። አንድ ፖሊስ ማታ መንገድ ላይ አስቁሞ ባሏ ፊት ክብሯን የነካትን ሴት፣ በማግስቱ መኪናዋ ተገልብጦ ሊቃጠል ሲል ደርሶ የሚያወጣት ያው ፖሊስ ነው። የአንዱ መርማሪ ወንድም የመኪና ሌባ ነው፤ የሚገድለው ደግሞ የዚያ ፖሊስ የድሮ ባልደረባ ነው። ሎስ አንጀለስ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አላት፤ በዚህ ፊልም ግን የጨርቆስን አንድ ሰፈር አታክልም። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጋጫል፣ ሁሉም ሲጋጭ ዲስኩር ያደርጋል። ድልድዮቹን በሙሉ ራሱ ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሪባን አስሮ ነው የሚያቀርብልህ፤ አንተ መሻገር ብቻ ነው ያለብህ። እውነት ለመናገር አንድ ቦታ ልቤን ይዞታል። ቁልፍ ሠሪው ለትንሽ ልጁ ጥይት የማይበሳው የማይታይ ካባ ሲያለብሳት። ለምን ይሠራል ቢባል፣ እዚያ ላይ ፊልሙ አልቸኮለም። አባትና ልጅ አልጋ ስር ተጋድመው ያወራሉ። በቃ።

በአጋጣሚ ላይ ሳይንጠለጠል ሃያ አራት ሰው የተሸከመ ፊልም ደግሞ አለ፤ የሮበርት አልትማን «ናሽቪል»፣ 1975። አምስት ቀን፣ አንድ ከተማ፣ ዘፋኞችና ዘፋኝ መሆን የሚመኙ ሰዎች። የሚያገናኛቸው ከተማው እና ፊቱን አንዴም የማናየው ፖለቲከኛ ነው፤ ድምፁ ብቻ በድምፅ ማጉያ እየተለቀቀ በየመንገዱ ይዞራል። እሱ ውስጥ አንድ ክፍል አለ፣ ስለዚህ ዓይነት ፊልም ሰው ሲጠይቀኝ ሁሌ የምጠቅሰው። ኪት ካራዲን የሚጫወተው ዘፋኝ ክበብ ውስጥ ጊታሩን ይዞ አንድ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናል (ዘፈኑ ኋላ ኦስካር አግኝቷል)። አዳራሹ ውስጥ አራት ሴቶች አሉ፤ እያንዳንዷ ለእኔ ነው ብላ ታስባለች። አዝማሪ ቤት ግጥም ሲወረወር ሁሉም ወደ ራሱ እንደሚወስደው ዓይነት። ካሜራው ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ከኋላ ጥግ ላይ ፀጥ ብላ የተቀመጠችውን ሊሊ ቶምሊንን ያገኝና እዚያ ይቆማል። ማንም ከማንም ጋር አልተጋጨም። አንድ ዘፈን ነው፤ አራት ታሪክ ይዞ ያልቃል።

የቫለንታይን ቀን ዓይነቶቹን ቶሎ ልለፋቸው። «ቫለንታይንስ ዴይ» 2010 ላይ ጁሊያ ሮበርትስን፣ ጄሚ ፎክስን፣ ጄሲካ አልባን፣ አሽተን ኩቸርን፣ ቴይለር ስዊፍትን ሳይቀር ሰብስቦ፣ ፖስተሩ የእድር ጠቅላላ ጉባኤ መስሎ ወጣ። ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው የሰላምታ ያህል ጊዜ ነው። በዓመቱ ያው ዳይሬክተር በአዲስ ዓመት ዋዜማ ደገመው። ይሄ ቀመር የመጣው ከእንግሊዞቹ «ላቭ አክቹዋሊ» ነው ባይ ነኝ፤ እሱም ግማሹ ገለባ ነው፤ ግን ኤማ ቶምሰን አለችበት። ባሏ ኪስ ውስጥ የአንገት ጌጥ አይታ፣ ለገና ስጦታዋን ስትከፍት ሲዲ ይወጣላታል። ጌጡ ለሌላ ሴት ነው። መኝታ ቤት ገብታ ብቻዋን ታለቅሳለች፤ የአልጋ ልብሱን በእጇ ደልደል ታደርጋለች፤ ፊቷን ጠርጋ ወደ ልጆቿ ትወጣለች። ሌላው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቷል፣ የአልጋ ልብሱ ግን አለ።

ወደ ባቤል። ጉድለቱን ካልተናገርኩ ግምገማ አይሆንም።

ከሠርጉ ሲመለሱ የሞግዚቷ የወንድም ልጅ ነው የሚነዳው፤ ጠጥቷል። ድንበር ላይ ፖሊሶች ሲያጣሩት ብው ብሎ መኪናውን አስነስቶ ያመልጣል፤ አክስቱንና ሁለቱን ሕፃናት በሌሊት በረሃ ላይ ጥሏቸው ይሄዳል። በነጋታው ደግሞ እሷ ልጆቹን ዛፍ ጥላ ስር ትታ እርዳታ ፍለጋ ትሄዳለች። ተዋንያኑ ድንቅ ስለሆኑ እንጂ እዚህ ላይ የጸሐፊው እጅ ከኋላ ሲገፋቸው ይታያል። ታሪኩ መባባስ ስላለበት ሰዎቹ ሞኝ መሆን ነበረባቸው። ሠርጉ ላይ ካለው ጭፈራ በቀር ማረፊያ የለውም፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን ሙሉ ለቅሶ ቤት። አንድ ታሪክ ሲከብድ ወደ ሌላው ሄደህ ትንፋሽ መውሰድ አለብህ፤ እዚህ ግን ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው እሳት ነው።

ጸሐፊው ጊዬርሞ አሪያጋ ነው። ከዳይሬክተሩ ጋር ሦስት ፊልም ሠርተው፣ ባቤል ላይ ተጣልተው ተለያዩ። የመጀመሪያቸው «አሞሬስ ፔሮስ»፣ 2000 ላይ የወጣው፣ ለእኔ ከባቤል ይበልጣል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አንድ የመኪና አደጋ፣ ሦስት ታሪክ። አደጋው ደጋግሞ ይታያል፣ በየጊዜው ከሌላ ሰው ወገን። ግን ታሪኮቹ እንደ ሽንኩርት ተከትፈው አልተቀላቀሉም፤ በየተራ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ የውሻ ድብድቡ ልጅ ከነሙሉ ትንፋሹ፣ እግሯን ያጣችው ሞዴል ከነሙሉ ዝምታዋ። ባቤል ወደ ሌላ አገር የሚዘልልህ ገና ልብህ ሲሞቅ ነው።

ስልኩን ግን አደንቃለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አባትየው ቤት ሲደውል የምንሰማው ከቤት በኩል ነው፤ ትንሹ ልጅ ስለ ትምህርት ቤት ውሎው ያወራዋል፤ ተራ ነገር። መጨረሻ ላይ ያው ስልክ ከሆስፒታሉ በኩል ይመጣል። ብራድ ፒት ቀፎውን ይዞ፣ ድምፁን እንደምንም አስተካክሎ፣ እንባው እየወረደ ነው። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት እየሆነ እንዳልነበር የሚገባህ፤ ሞግዚቷ በረሃ ላይ ስትንከራተት ሴትዮዋ ከሞት አምልጣለች። እንግዲህ ቁጠሩ። አሜሪካዊቷ በሄሊኮፕተር ተወስዳ ዳነች። ከሞሮኮዎቹ ወንድማማቾች ታላቁን ፖሊስ በጥይት መታው። ሞግዚቷ ከ16 ዓመት በኋላ አገሯ ተባረረች። አክስቴ ይህን ስትሰማ «እህ» ብቻ ነው ያለችው፤ አዲስ ነገር አልሆነባትም።

ከቤተሰብ ጋር ለማየት ላሰባችሁ ማስጠንቀቂያ። የቶኪዮዋ ልጅ ከሰው ጋር የመገናኘት ረሃቧን በሰውነቷ ነው የምትናገረው፤ ራቁት አለ፣ ያውም ድንገት ነው የሚመጣው። እኔ ሪሞቱን ፍለጋ ስንደፋደፍ አክስቴ ጭኗ ስር አስቀምጣው ኖሯል። «ተወው፣ ልጅቱ ብርድ ላይ ናት» አለች፤ የብርዱን አይመስለኝም።

ሪሞቱ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ልንገራችሁ። ልጅቷ ጭፈራ ቤት ትገባለች፤ ሙዚቃው ይናጣል፤ ፊልሙ ወደ እሷ ጆሮ ሲገባ ድምፁ እልም ይላል። ፍጹም ዝምታ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም፣ ሰው ሁሉ እየዘለለ። አክስቴ «ውይ፣ ድምፁ ሄደ!» ብላ ሪሞቱን አንስታ እስከ መጨረሻ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ሙዚቃው ተመለሰ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ያን የሳቅነውን ሳቅ ትተን፣ ይሄ ታሪክ ከሌሎቹ ጋር የሚገናኝበት ገመድ ከሁሉም የቀጠነ ነው፤ የልጅቷ አባት ሞሮኮ ለአደን ሄዶ ጠመንጃውን መንገድ ለመራው ሰው ስጦታ ሰጥቷል፣ በቃ ይሄው ነው። ቢሆንም ከፊልሙ ብታወጣው ሌሎቹ ሦስቱ የጥይትና የድንበር ዜና ሆነው ይቀራሉ። ሪንኮ ኪኩቺ አንድ ቃል ሳትናገር የቋንቋውን ነገር ሁሉ የተሸከመችው እሷ ናት፤ ለኦስካር ታጭታ ነበር፣ ባራዛም እንዲሁ፤ ሁለቱም ሳያገኙ ቀሩ።

ከአሥር ሰባት ተኩል እሰጠዋለሁ። ድሮ ዘጠኝ ነበር የሰጠሁት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልካችሁን አጥፉና በአንድ ቁጭታ ጨርሱት፤ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ካላችሁ አይሆንም፣ ማን የማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ቀለል ያለ ነገር ፈልጎ ማታ ለሚከፍት ሰው ግን አልመክርም።

እሁድ ጠዋት አክስቴ ቡና እየቆላች «እነዚያ ልጆች ግን ደወሉላት?» አለችኝ።

«የትኞቹ?»

«ያሳደገቻቸው ናቸዋ።»

ፊልሙ እንደማያሳይ ነገርኳት። መጥበሻውን አንዴ አገላበጠችው። «እኔ ያሳደግኳት አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ይሆናል» አለች፤ ጭሱን ወደ እኔ አዞረችውና ላሸተው ጠበቀች።